የአባትህን ዝፈንልን!

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ታክሲዬን አቁሜ፣ ሃያ አምስት ዶላሬን ከፍዬ፣ እዚሁ የአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ መናገሻ ናሽቪል አንዲት ጠባብ ሙዚቃ ቤት ገባሁ። መድረኩ ላይ የነበረው ወጣት አባቱ በካንትሪ ዓለም ስሙ የገነነ ነው። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም። ብነግራችሁ "እንዴ! የእሱ ልጅ ነው?" ትሉና ነገሬ ሁሉ እዚሁ ያከትማል።

ልጁ ጊታሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ የራሱን ዘፈን ይዟል። ስለ አንድ አልነሣ ስላለ የጭነት መኪና ነው፤ ደስ ይላል። አዝማቹን ሊደግመው ሲል ከኋላዬ አንድ ድምፅ "የአባትህን!" ብሎ አንባረቀ። ዞር ብዬ አየሁት። አዲስ የካውቦይ ባርኔጣ ደፍቷል፤ የዋጋው ወረቀት በጎኑ እንደተንጠለጠለ ነው። ኮሜዲያኗ ሚኒ ፐርል ግራንድ ኦል ኦፕሪ በሚባለው ዝነኛ የናሽቪል የካንትሪ መድረክ ላይ ባርኔጣዋ ላይ 1 ዶላር ከ98 ሳንቲም የሚል ወረቀት አንጠልጥላ ሕዝቡን ስታስቅ ኖራለች፤ ይሄኛው ግን እያወቀ ያደረገው አይመስለኝም።

ልጁ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ታውቋታላችሁ፤ ሠርግ ላይ "ያንተስ መቼ ነው?" የተባለ የሠላሳ ስምንት ዓመት ወንደላጤ ፈገግታ ናት። ከዚያ የጭነት መኪናውን እንደተበላሸ መንገድ ላይ ጥሎ የአባቱን ጀመረ። ስልኮች እንደ ጧፍ ተነሡ። ባለባርኔጣው አብሮ ዘፈነ፣ ቀረጸ፣ ለጠፈ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ቢራውን ጨልጦ ወጣ። ግማሹ ሰው ተከተለው። ልጁ የቀረውን ሰዓት የዘፈነው ለእኔ፣ ለአስተናጋጇና ጥግ ላይ ለሚሳሳሙ ሁለት ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን በራሴ አፈርኩ። እነዚህ ሰዎች ሊመሰገኑ ሲገባ! ልጅ ስንት ነገር ያዘነጋዋል። ቁርስ ላይ ፊት ለፊቱ ሲቀመጥ የኖረውን፣ ስሙን መታወቂያው ላይ የተሸከመውን፣ ፎቶው በየግድግዳው የተሰቀለውን አባቱን በየመድረኩ የሚያስታውሰው ሰው ባይኖር ምን ይውጠው ነበር? ይህን አገልግሎት በነፃ እንኳ አይደለም የሚሰጡት፤ ትኬት ገዝተው ነው።

ፍርዳቸውም እንዴት ፈጣን ነው! ልጁ አባቱን ከመሰለ "ኮረጀ" ነው፤ ካልመሰለ "እሳት አመድ ወለደ"። ይግባኝ የለም፣ ቀጠሮ የለም፣ ምስክር አይሰማም። ዘፈኑም አይሰማም።

የዚህ ባህል የላቀ ፍሬ ማን ነው ብትሉኝ የካንትሪው ዘፋኝ ሃንክ ዊልያምስ ጁኒየር ነው። ታሪኩን የምታውቁ ታገሡኝ፤ እኔ ይህን ነገር አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አልችልም፣ ተሳፋሪዎቼ ይመስክሩ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

አባትየው፣ ስመ ጥሩው የካንትሪ ዘፋኝ ሃንክ ዊልያምስ፣ 1953 በባተበት ዕለት ኦሃዮ ውስጥ ለሚያቀርበው ዝግጅት ሲጓዝ ካዲላኩ የኋላ ወንበር ላይ ሞተ። 29 ዓመቱ ነበር። ልጁ ያኔ ሦስት ዓመት ከሰባት ወሩ ነው። የልጁን ስም ልብ በሉልኝ፤ ሲወለድ የወጣለት ራንዳል ነው። ራንዳል ሃንክ። ይሄ እኮ የእኛው አጠራር ነው! ራንዳል፣ የአባት ስም ሃንክ። እኛ ጋ ልጅ ከፊት ይቀድማል፣ አባት ከኋላ ይከተለዋል፣ አያት ደግሞ ፎርም ሲሞላ ብቻ ብቅ ይላል። እነሱ ግን ከፊት ያለውን ራንዳልን አወጡና የኋላውን ወደ ፊት አመጡት፤ ጭራሹ ላይ ጁኒየር፣ ማለትም "ታናሹ" ብለው ቀጠሉበት። በእኛ ቢሆን ሃንክ ሃንክ ሊባል ነው፤ ቀበሌ ጸሐፊዋ ራሷ "ተሳስተህ ሁለቴ ጽፈኸዋል" ብላ ትመልሰው ነበር።

የሚያስቀው አባትየውም ሃንክ አልነበረም። ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ሃይረም ነው፤ ሃንክን የመረጠው ራሱ ነው። የሃይረም አባት ሎን ደግሞ የእንጨት ኩባንያ ባቡር ይነዳ ነበር። እስከ ዛሬ "ሃይረም፣ ይልቅ የሎንን ባቡር ንዳልን" ብሎ የጮኸ ታዳሚ ስለመኖሩ አልሰማሁም።

አባት ለልጁ ያወጣለት የቁልምጫ ስም አለ፤ ቦሴፈስ። ከየት አመጣው? ሮድ ብራስፊልድ የሚባል የኦፕሪ ኮሜዲያን መድረክ ላይ "ከሚያናግረው" የእንጨት አሻንጉሊት ስም ነው። አሻንጉሊቱ አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። ይህን እኔ ፈጥሬው ቢሆን ኖሮ አርታኢው "አበዛኸው" ብሎ ይሰርዝብኝ ነበር።

በስምንት ዓመቱ እናቱ መድረክ ላይ አወጣችው፤ የአባቱን ዘፈኖች፣ በአባቱ አዘፋፈን። በ11 ዓመቱ ኦፕሪ ላይ ቆመ። በ14 ዓመቱ ከአባቱ ዘፈኖች አንዱን አስቀረጸና ተወዳጅ ሆነ። በ1964 ስለ አባቱ ሕይወት ፊልም ተሠራ፤ ፊልሙ ላይ አፉን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ተዋናይ ነው፣ ድምፁ የልጁ። አሻንጉሊቱን አልረሳችሁትም አይደል? አባትየው ምክርና ተረት መሰል ነገር ሲቀርጽ "ሉክ ዘ ድሪፍተር" በሚል ስም ይጠቀም ነበር፤ ስሙ እንዳይታወቅበት ብሎ። ልጁንስ ምን አሉት? "ሉክ ዘ ድሪፍተር ጁኒየር"። መደበቂያ ስም ሲወረስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነው። መልኩን በቅጡ የማያስታውሰውን ሰው የትዳር ቁስል፣ የመጠጥ ለቅሶ፣ የጎልማሳ ብሶት በሕፃን አፉ ያዘፍኑታል፤ አዳራሽ ሙሉ ትልልቅ ሰው እንባውን እየጠረገ ያጨበጭባል። "ኧረ ልጁን ወደ ቤቱ ውሰዱት፣ እንቅልፉ መጥቷል" የሚል ትልቅ ሰው ጠፋ? እናቱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ያንን ልጅ መድረክ ላይ ያቆየው ግን ጭብጨባው ነው፣ ትኬቱ ነው፣ "ቁርጥ አባቱን!" የሚለው ደግ ደግ ሰው ነው። በ1974፣ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። ያ ሁሉ አልቃሽ ያኔ የት ነበር? ሌላ ሕፃን እያየ ሲያለቅስ ይሆናላ!

እሺ። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ከዚያ በኋላ ናሽቪልን ትቶ ወደ አላባማ ሄደ፤ ከሮክ ሙዚቀኞች ጋር ሆኖ የራሱን ድምፅ መፈለግ ጀመረ። ገና እንደጀመረ ኦገስት 8 ቀን 1975 ሞንታና ውስጥ አጃክስ ከሚባል ተራራ ላይ ተንሸራትቶ ወደ 150 ሜትር ቁልቁል ተወረወረ። ፊቱና የራስ ቅሉ ተሰባበረ። ሐኪሞች እየደጋገሙ ቀደው መልሰው ገጣጠሙት፤ መናገርና መዝፈንን እንደ አዲስ ተማረ። ጠባሳው እንዳይታይ ጺሙን አሳደገ፣ ጥቁር መነጽር አጠለቀ፣ ባርኔጣ ደፋ። ይኸው እስከ ዛሬ የምናውቀው መልኩ እሱ ነው። ሰው "ይሄኛውስ ሌላ ሰው ነው" ማለት የጀመረው የአባቱ ፊት ከፊቱ ላይ ከረገፈ በኋላ ነው።

እናም የታዋቂ ሰው ልጆች "ራሳችንን እንዳንሆን ተከለከልን" እያሉ ሲያማርሩ ስሰማ ይገርመኛል። ማን ከለከላቸው? 150 ሜትር ብቻ ነው።

የሆነ ሆኖ ልጁ ተሳካለት። በ1979 "ለምን እንዲህ ትጠጣለህ? ለምን እንዲህ ትኖራለህ?" ለሚሉት ሁሉ "የቤተሰብ ወግ ነው" ብሎ በዘፈን መለሰላቸው፤ ጨዋታውን አውቆበታል። በ1987 እና በ1988 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ መድረከኛ ብሎ ሸለመው። ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት ግራሚስ? ግራሚውን ያገኘው አንድ የድሮ ጓደኛ ካስቀመጠው ሸክላ ላይ የአባቱ ድምፅ ተወስዶ፣ ከሞተ 36 ዓመት ካለፈው አባቱ ጋር ከዘፈነ በኋላ ነው። በቪዲዮውም ላይ ሙትና ሕያው ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ታዳሚው በመጨረሻ የልቡ ደረሰ፤ "የአባትህን" ሲል ኖሮ አባትየውን ራሱን አመጡለት። በ1996 ደግሞ የጁኒየር ልጅ ተጨመረና ሦስት ሃንኮች በአንድ አልበም ላይ ወጡ። ሦስተኛው ወጣትነቱን በፓንክ ጩኸት ያሳለፈ ልጅ ነው። ስሙም ሼልተን ነበር። ነበር።

ሮዛን ካሽ ደግሞ የባሰች ናት። በ1973፣ በ18 ዓመቷ፣ ከአባቷ ከዝነኛው የካንትሪ ዘፋኝ ከጆኒ ካሽ ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ ስትዞር "ይህን ዘፈን አላውቀውም፣ ያንንም አላውቀውም" ብትለው ጊዜ ሰውየው ደንግጦ መቶ መታወቅ ያለባቸው ዘፈኖች ዝርዝር ጽፎ ሰጣት። ጨዋ ልጅ ብትሆን በማግስቱ ስቱዲዮ ገብታ መቶውንም ታወርድልን ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን አስቀምጣ የራሷን መጻፍ ጀመረች፤ በ1981 ራሷ የጻፈችው ዘፈን በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ከዝርዝሩ መርጣ አልበም ያወጣችው በ2009 ነው፤ ያውም ከመቶው 12ቱን ብቻ። 36 ዓመት ሙሉ ያስጠበቀችንን ሰው ይቅር ያልን እኛ ነን፤ ትዕግሥታችን ይመዝገብልን። የካንትሪው ዘፋኝ የዌይለን ጄኒንግስ ልጅ ሹተርም ያው ነው፤ የሌላ ዘፋኝ አልበም ከባልደረባው ጋር አዘጋጅቶ በ2020 ምርጥ የካንትሪ አልበም ተብሎ ግራሚ ሲወስድ፣ በአባቱ ስም ያልተሸለመ ምን ብሎ ቤቱ እንደገባ እንጃ።

እኛ አበሾች በዚህ ጉዳይ ከማንም አናንስም። የእኔ ትውልድ ኬኒ ሮጀርስንና ጂም ሪቭስን በሚኒባስ ስፒከር እየተነቀነቀ ነው ያደገው፤ ናሽቪል ስንመጣ ቋንቋውን ሳናውቅ ዘፈኑን እናውቅ ነበር። እሁድ ቡና ላይ የቅዳሜውን ልጅ አነሣሁ። አንድ ጋሼ የምለው ሰው ስኒውን ሳያስቀምጥ፣

"እሳት አመድ ወለደ በላ!" አለኝ።

"ሰምተኸዋል እንዴ ጋሼ?"

"ኧረ የት ጊዜ አለኝ! አባቱን ግን በደንብ ነው የማውቀው።"

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። ስንስቅባት ኖረናል፤ እኔ ግን ሰሞኑን በቅሎዋ ገብታኛለች። "አባትሽ ማን ነው" ባዮቹ እኮ ጭነቷን ሊያግዟት አልመጡም። አዝማሪዎቻችን እንኳ ማሲንቆውን ከአባት ይወርሳሉ እንጂ ግጥሙን አይወርሱም፤ የትናንቱን ግጥም ዛሬ ይዞ የመጣ አዝማሪ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጥፍለት ቀርቶ ቀና ብሎ የሚያየውም አያገኝ። ለካንትሪ ልጅ ነው ሕጉ የሚገለበጠው።

ሰኞ ማታ አንድ ተሳፋሪ ሙዚቃ ቤቶቹ ከተደረደሩበት ከብሮድዌይ ጎዳና አነሣሁ። ባርኔጣ፣ ቡት፣ ሁሉም የተሟላለት። ወዲያው ስለ ሃንክ ጁኒየር ጀመርኩለት፣ እንደ ልማዴ። ተራራው ጋ ስደርስ አቋረጠኝና ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት። "የቤተሰብ ስምህስ?" የአባቴ ስም መሆኑን፣ እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለን አስረዳሁት። ደስ አለው።

"አባትህ ምን ይሠራ ነበር?"

"ሹፌር ነበር። የአሰብን መንገድ፣ ከነተሳቢው።"

"አሃ!" አለ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፤ "እኔም አልኩ! ነጂነቱ በደምህ ነው ያለው።"

መውጫችንን ካለፍነው ሁለት ማይል ሆኖን ነበር።