200 ሰውና አንድ ከንቲባ

200 ሰው ስንት ነው? እኛ ጋ የአንድ ሠርግ ድንኳን እንኳ አይሞላም። ኡትሲራ በምትባል የኖርዌይ ደሴት ግን ይኸው 200 ገደማ ሕዝብ የራሱ ማዘጋጃ ቤት፣ የራሱ ምክር ቤትና ከንቲባ አለው። በሕዝብ ቁጥር ከአገሪቱ ማዘጋጃ ቤቶች ሁሉ የመጨረሻዋ ናት። "ለዚህ ሁሉ ሰው ከንቲባ?" ብለው የሚስቁ አይጠፉም። እኔ ግን ደሴቷን ያቆማት እሱ ይመስለኛል።

ኡትሲራ ከሐውገሱን ከተማ በስተምዕራብ፣ ሰሜን ባሕር ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ናት። ስፋቷ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመርከብ አንድ ሰዓት ከምናምን ያስኬዳል። ከማሳው እየተለቀመ የተካበው ድንጋይ አጥር ሆኖ ደሴቷን ከዳር ዳር ያቋርጣታል። መሃል ላይ፣ በሁለት ኮረብታዎች መካከል፣ ዝቅ ያለ ቦታ አለ። በአንድ ጫፉ የሰሜን ወደብ፣ በሌላው የደቡብ ወደብ ይገኛል። መርከቡ የቀኑን ነፋስ አይቶ በሚሻለው በኩል ይገባል። ባሕሩ ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ደሴቷ ራሷን የቻለችው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው። በዓመቱ ምርጫ ተካሄደ። ለቀልድ ተጀመረ ይባላል፤ ብቻ ድምፁ ሲቆጠር ከ12ቱ የምክር ቤት ወንበሮች 11ዱን ሴቶች ያዙ! የኖርዌይ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ ከወንዶች እኩል ድምፅ መስጠት ከጀመሩ ገና 12 ዓመታቸው ነበር። አዋላጇ ኦሳ ሄልጌሰን በ1926 የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆነች፤ እስከ 1928 መራች። ኡትሲራ በሌላ ማዘጋጃ ቤት ሥር አንድ ቀበሌ ነገር ሆና ብትቀር ኖሮ ይህን ማን ያየው ነበር?

በ2004 ደግሞ ሁለት የነፋስ ተርባይኖች ተተክለው፣ ትርፉ ኃይል በሃይድሮጂን መልክ እየተጠራቀመ ለ10 ቤቶች መብራት ተሞከረ። መርከብ የሚያስቀረው ነፋስ ለአንድ ቀን እንኳ ይካስ እንጂ።

ኖርዌይ ማዘጋጃ ቤቶቿን እያዋሃደች በ2020 ከ428 ወደ 356 አወረደቻቸው። ኡትሲራ አልተነካችም። ወጪው ለነፍስ ወከፍ ሲሰላ ውድ መሆኑን አልክድም። ትምህርት ቤቱም የአረጋውያን እንክብካቤውም ለጥቂት ሰው ነው። ግን ስሌቱን ይዘው የሚመጡ አንድ ነገር ይንገሩኝ፦ ማዕበሉ ተነስቶ መርከቡ የቀረ ቀን፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት በር የሚያንኳኳው ማን ነው? ሐውገሱን የተቀመጠው ከንቲባ?