የበሩን ወረቀት አሳየኝ ነው ያልኩት!

አሁን ገና መግባቴ ነው። ጫማዬንም አላወለቅኩም። ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ያው ካራቫኑን፣ በመኪና የሚጎተተውን የሽርሽር ቤት፣ የሚጎትትልኝ ፒክአፕ ልናይ ነበር የሄድነው፣ እኔና ወንድሜ። አምስተኛ ሻጭ መሆኑ ነው። አምስቱም የተማከሩ ይመስል «አምስት ቶን ይጎትታል!» ይላሉ። ኧረ ይጎትት! ጉልበት አነሰው ያለ ማነው? እኔ የጠየቅኩት ስንት ይሸከማል ብዬ ነው። ጋሪ የሚጎትት ሰው ጋሪውን አዘለው ማለት እኮ አይደለም።

ሒሳቡን ስንት ሌሊት ቁጭ ብዬ ሠርቼዋለሁ። ካራቫኑ ሙሉ ጭነቱን ይዞ 3,600 ኪሎ ነው። ከዚህ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶው ከፊት በኩል፣ መኪናው ኋላ ላይ ባለው የማያያዣ ኳስ ላይ ይጫናል። በ13 በመቶ ስናስበው 468 ኪሎ። እኛ አራታችን 280። ማያያዣው ብረት 45። ኋላ የምንጭነው ኮተት 100። ድምሩ 893 ኪሎ፣ ሁሉም ፒክአፑ ጀርባ ላይ!

እና ሻጩን «የሹፌሩን በር ክፈትልኝ፣ እዚያ የተለጠፈችውን ወረቀት ልያት» አልኩት። ዞሮ ወንድሜን አየው። የጠየቅኩት እኔ፣ የሚያየው ወንድሜን። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ የለውም! እኔን አጅቦ ነው የመጣው። «እሷ እኮ የጎማ ንፋስ የተጻፈባት ናት፤ እህታችን ተምታቶባት ነው» አለው እየሳቀ።

እህታችን!

ሄጄ በሩን ራሴ ከፈትኩት። የጎማ ንፋሱ አለ፣ አልካድኩም። ከሱ በላይ ግን የሰውና የዕቃ ክብደት ተደምሮ ከ640 ኪሎ መብለጥ የለበትም ይላል። ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ «አንብበው» አልኩት። ጎንበስ ብሎ አነበበና ቀና ሲል ለማን ቢመልስ ጥሩ ነው? ለወንድሜ! «ይሄንንማ ሁሉም ሰው ያልፈዋል፣ መኪናው አይሰማውም» አለው። ወንድሜ «ገዢዋ እሷ ናት፣ እኔ ብስክሌት እንኳን አልነዳም» ሲለው ትንሽ ደንገጥ አለ። ከዚያ ያው ሆነ። ከፍ ያለውን የፒክአፕ ክፍል፣ እነ ኤፍ-250ን እና ራም 2500ን የመሳሰሉትን ስጠይቀው «ለእህታችን አይከብዳትም?» ብሎ አሁንም ወንድሜን ጠየቀው። ደሜ ፈላ!

253 ኪሎ ትርፍ ነው እኮ የምንለው! መኪናው አይሰማውም? ባሌስትራው ይሰማዋል፣ የኋላ ጎማው ይሰማዋል። ኋላው ቁጭ ሲል ፊቱ ይነሳል፣ መሪው ይቀላል፣ የፊት ጎማው ፍሬን ሲያዝ መሬቱን በደንብ አይቆነጥጥም። ኋላ ወንበር የሚቀመጡት ልጆቼ ናቸው። ክብደት የሚያከፋፍለውን ማያያዣ ግጠሚበት የምትሉኝ አላችሁ፤ እገጥማለሁ። ግን እሱ ጭነቱን ወደ ፊት ጎማና ወደ ካራቫኑ ጎማ ያካፍላል እንጂ የበሩን ቁጥር አያሳድግም።

የባለፈው ሳምንቱ ሻጭ ደግሞ ብሶ «ዕቃውን ካራቫኑ ኋላ ላይ ጫኚው፣ ፊቱ ይቀልልሻል» አለኝ። ይሄ ሰው ይገድላል! ፊቱ የቀለለ ካራቫን ፍጥነት ሲጨመር ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል። አንዴ ከጀመረ መኪናውን ይዞት ነው የሚዞረው። ይህን ለሰው የሚመክር ሰው ማታ እንዴት ይተኛል?

ካራቫን ሻጩንም አልረሳሁትም። የነገረኝ ባዶ ክብደቱን ነው። 200 ሊትር ውኃ ሲሞላበት 200 ኪሎ መሆኑን፣ ጋዙን፣ ምግቡን፣ አልጋ ልብሱን ማን ይቁጠርልኝ? ባዶ ካራቫን ይዞ ሽርሽር የሚሄድ አለ?

ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ያ ትልቁ የመጎተቻ ቁጥር ራሱ፣ ጄ2807 በሚባለው መለኪያ ሲሰላ፣ ጋቢናው ውስጥ ሹፌርና አንድ ሰው ብቻ፣ እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ ተብለው ነው። የኔን ቤተሰብ አያውቀውም። አንድ ስም ያላቸው፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መኪኖች በር ከፍቼ አይቻለሁ፤ አንዱ 640፣ አንዱ 820። ጣሪያው መስታወት ሲሆን፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሲሆን፣ ወንበሩ ሲያምር ከመሸከሚያው ላይ ይቀነሳል። ትልቁ የፒክአፕ ክፍል ውስጥም ናፍጣው ሞተር ከባድ ስለሆነ ከቤንዚኑ ያነሰ ቁጥር በሩ ላይ ታገኛላችሁ። ይህን የነገረኝ ሻጭ የለም። አንድም! በር እየከፈትኩ ነው የተማርኩት።

ደክሞኛል እውነቱን ለመናገር። መኪና ልግዛ ብዬ ገንዘብ ይዤ ሄጄ እንደ ልጅ መቆጠር ምን ይባላል?

ነገ ስድስተኛው ጋ ነኝ። ብቻዬን። መጀመሪያ በሩን ከፍቼ ቁጥሩን አነባለሁ፣ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።