ብዛታችን ብቻውን ጉልበት አይሆነንም

ወገኖቼ፣ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የምንለውን ነገር እስቲ ቆም ብለን እንየው። መሬት ከሌለው፣ ውሃ ከሌለው፣ ትምህርት ከሌለው የትኛው ዕድሉ ነው የሚያሳድገው?

በ1976ቱ ቆጠራ 42 ሚሊዮን ገደማ ነበርን፤ ያውም ኤርትራ ተጨምራ። በ1999ኙ 73 ሚሊዮን አለፍን። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነን። መሬቱ ግን አልጨመረም።

አራት ጥማድ ያለው አባት ለአራት ልጆቹ ሲያካፍል አንድ አንድ ጥማድ ይደርሳቸዋል። የልጅ ልጆቹስ? በሬ ለማዞር እንኳ የማይበቃ ቁራጭ ነው የሚቀራቸው። አንዱ በሌሊት የወሰኑን ድንጋይ ክንድ ያህል ይገፋዋል። ወንድሙ ጠዋት ያየዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ዱላ ይነሳል፣ ጥይት ይጮሃል፣ ገዳይ ይሸፍታል። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም። ይህ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል ሲሆን ሽማግሌ ይይዘዋል። ክልልና ክልል በመሬት ሲጣሉ ግን ማን ይገላግላል? የአገር ደኅንነት ጉዳይ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሐሮማያን አስታውሱ። ለከተማው፣ ለጫቱ፣ ለአትክልቱ ሐይቁን ከየአቅጣጫው በፓምፕ ሳብነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ ላይ ከብት ተሰማራ። ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፣ እሰየው። የሚቀዳው ሰው ግን አልቀነሰም።

እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። «እነሱ እየበዙ እኛ ለምን እናንሳለን?» የምትሉ አላችሁ። ልጅ የምትቆጥሩት ለብሔር ፉክክር ነው። ከ1999 ወዲህ የሕዝብ ቆጠራ ማድረግ እንኳ አቅቶን ደጋግመን አራዘምነው። እናንተ ለቁጥር የፈለጋችሁት ሕፃን ነገ ዳቦ ይጠይቃል። ሥራ ይጠይቃል። ሲያጣ ጠመንጃ የሚሰጠው አያጣም።

አትውለዱ ያላችሁ የለም። በ2008ቱ አገር አቀፍ የጤና ጥናት ያልተማሩ ሴቶች የወሊድ መጠን በአማካይ ወደ 6 ልጅ ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት 2 ገደማ። ማስገደድ አያስፈልግም፤ ልጅቷ ትማር። ጥር ላይ ሽማግሌ ሲመጣባችሁ «ትምህርቷን ሳትጨርስ አንድርም» ብላችሁ መልሱ። አንተም ባል፣ ሚስትህ ለወሊድ መከላከያ ጤና ኬላ ስትሄድ አትከልክላት፤ አብረሃት ሂድ።