ሜዳዩ ደረት ላይ፣ ታሪኩ መዝገብ ቤት

ባለፈው ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ነበርኩ። ሁሌም እሄዳለሁ። ካኪ የለበሱ፣ ጎፈር የደፉ፣ ጋሻና ጦር የያዙ ሰዎች የድል ሐውልቱን ከበው ይቆማሉ፤ ፉከራው ይቀልጣል፤ እናቶች እልል ይላሉ። ጣሊያንን የተዋጉት አርበኞች እያለቁ ነው፤ ስለዚህ አሁን ሜዳዩን አድርጎ የሚመጣው ልጅና የልጅ ልጅ ሆኗል። ከጎኔ የቆመ አንድ ወጣት ኮቱ ላይ ሦስት ሜዳይ ደርድሯል።

«የማን ነው?» አልኩት።

«የአያቴ!» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ።

«ይሄኛውን ለምን ተሸለሙት?»

ዝም አለ። ሜዳዩን ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየው። «እሱን እንኳ አላውቅም ጋሼ። አባቴም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

በልጁ አልፈርድም። ሜዳዩን ሳይሸጥ፣ ሳይጥል፣ ወልውሎ አደባባይ ይዞት መጥቷል። አያቱ ምን ሠርተው እንደተሸለሙ ሄዶ የሚጠይቅበት፣ በስማቸው ፈልጎ የሚያገኝበት ቦታ ያላዘጋጀንለት እኛ ነን። የምለው ይሄንን ነው፦ ለሀገሩ ተዋግቶ ሜዳይ የተሸለመ ሰው ሁሉ፣ የተሸለመበት ምክንያት ማንም ሊያነበው በሚችል ክፍት መዝገብ ላይ መቀመጥ አለበት። ስሙ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ያደረገው ነገር።

ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ደረት ላይ የተደረደረ ሁሉ የጀብዱ ሜዳይ አይደለም። አንዱ በአንድ ዘመቻ ለተሳተፈ ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ እዚያ ነበርክ ማለት ነው፣ በቃ። ሌላው ለረጅም አገልግሎት ነው። በጦር ሜዳ ለቆሰለ ሜዳይ የሚሰጡ ሀገሮችም አሉ፤ የአሜሪካኖቹ «ፐርፕል ኸርት» እንደዚያ ነው፣ የቆሰለው ሰው ሌላ ምን ጀብዱ ሠራህ ተብሎ አይጠየቅም፣ ደሙ ይበቃዋል። ኒሻን የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማዕረግ ጋር የሚሄድ ክብር ነው፤ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ዲፕሎማትም ያገኘዋል። የጀብዱ ሜዳይ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። እሱ የሚሰጠው አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ማንም ሊያዘው ከሚችለው በላይ ስላደረገ ነው። (ስንቱ ሰው ሜዳይ ሲባል ደራርቱና ቀነኒሳ ይመጡበታል! የሩጫው ሜዳሊያ ነው፤ የወታደሩ ሜዳይ።)

ይሄ ልዩነት ሰው አስቀይሟል። ከ1933ቱ ድል በኋላ ለአርበኛው የአርበኛ ሜዳይ ተሰጠ። በስደት ለቆየውም የስደት ሜዳይ ተሰጠ። አምስት ዓመት ጫካ የከረመ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። ባንዳ የነበረው ሹመት ሲያገኝ ደግሞ ሕዝቡ «ኢትዮጵያ ሀገሬ ሞኝ ነሽ ተላላ፣ የሞተልሽ ቀርቶ የገደለሽ በላ» አለ። ማን የት እንደዋለ ሰፈርተኛው ሁሉ እያወቀ፣ ክብሩ ግን በሌላ መንገድ ሲሄድ ስላየ ነው።

አባቶቻችን እኮ ይህን ነገር ከእኛ የተሻለ ያውቁበት ነበር። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛና በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአውሮፓ ዓይነት ኒሻን ከመለመዱ በፊት፣ ጀግና የሚሸለመው ለምድ፣ ጎፈር፣ በብር ያጌጠ ጋሻ ነበር። ግን ዝም ብሎ አይሸለምም። ጌታው ፊት ቆሞ ይፎክራል። የት እንደዋለ፣ ማንን እንደጣለ፣ ምን እንደማረከ ስም እየጠራ ይናገራል። አብሮት የዋለው ጓደኛው እዚያው ተቀምጦ ይሰማዋል፤ ቢዋሽ መግቢያ የለውም። ስለዚህ ለምዱን ያየ ሁሉ ታሪኩን ሰምቷል፤ አዝማሪውም ይዞት ይዞራል። የብረቱ ሜዳይ ሲመጣ ታሪኩ ወረቀት ላይ ሰፈረ፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ገባ፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት ገባ። እዚያው ቀረ።

ታሪኩ ሲገኝ ምን እንደሚመስል እዩት። ግንቦት 1945፣ ኮሪያ። ኮሪያ ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር ከቃኘው ሻለቃ፣ ማሞ ሀብተወልድ፣ ያኔ ገና ወጣት መኮንን፣ ጥቂት ሰዎች ይዘው ለቅኝት ወጥተው በብዙ እጥፍ በሚበልጣቸው የቻይና ጦር ተከበቡ። ሰዎቻቸው ሞቱ፣ ቆሰሉ፣ እሳቸውም ቆሰሉ፤ ግን እጅ አልሰጡም። ከገዛ ሀገራቸውም ከአሜሪካም ተሸለሙ። ኮሪያ ላይ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ አንድም አልተማረከም፤ ይህን የማሞን ሌሊት ሳታውቁ ያ ቁጥር ቁጥር ብቻ ነው። እኛስ እንዴት አወቅነው? እሳቸው ዕድሜ አግኝተው በአንደበታቸው ስለተናገሩና የውጭ ሰዎች ስለጻፉት ነው። በኦጋዴን ጦርነት የሶማሊያን ሚግ የጦር አውሮፕላኖች አየር ላይ የጣሉት ብርጋዲየር ጄኔራል ለገሠ ተፈራም እንዲሁ ናቸው፤ 11 ዓመት እዚያው ሶማሊያ ታስረው፣ ተርፈው መጥተው ነው ታሪካቸው የተሰማው።

እነዚህ ዕድለኞቹ ናቸው። ሌላውስ?

ቸርችል ጎዳና ላይ የቆየ ሳንቲም፣ መስቀልና ብራና ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ገብቼ ነበር። ሳንቲሞቹ መካከል የደርግ ዘመን ሜዳይ አየሁ፤ ሪባኑ ደብዝዟል። የማን እንደነበር ጠየቅኩ። «አንድ ሽማግሌ ነው ይዞት የመጣው» አለኝ ሻጩ። ከዚያ በላይ አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ ወታደር ጎዳና ላይ እንደወደቀ ያየን ሰዎች ነንና፣ ሽማግሌው ለምን እንደሸጠው አልጠየቅኩም። ወጥቼ ትንሽ ስሄድ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ትግላችን ሐውልት አለ። እዚያ በኦጋዴን ጦርነት የሞቱት ኩባውያን ምስላቸው ተቀርጾ ቆሟል። መልካም ነው፣ ይገባቸዋል። እኔ ግን እጄ ላይ ይዤው የነበረው ሜዳይ ባለቤት ስሙን እንኳ አላወቅኩም።

እንግሊዞች በ1856 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጀመሩት ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባል ሜዳይ አላቸው። ሲሸልሙ ምክንያቱን በመንግሥት ጋዜጣቸው ያትማሉ፤ ዛሬም ማንም ከፍቶ ያነበዋል። እኛ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ጀምሮ አለን። ስሙ ራሱ ነጋሪት ነው፤ ነጋሪት ደግሞ ሁሉ እንዲሰማ የሚጎሰም ነው። የአንድ ሰው ጀብዱ እዚያ ላይ ሁለት አንቀጽ ቢወጣ ምን ይከብዳል?

አንድ ወዳጄ «ይሄ ነገር ቁስል ይነካል» አለኝ። እውነቱን ነው። እርስ በርሳችን የተዋጋንበት ብዙ ነው፤ አንዱ ቤት ጀብዱ የተባለው ሌላው ቤት ለቅሶ ነበር። እሱን በአንድ ቀን አንጨርሰውም፤ ተረጋግቶ መነጋገር ይፈልጋል። ወታደራዊ ምስጢርም አለ። ግን የአምስቱ ዓመት አርበኛ ምን ምስጢር አለው? የኮሪያው ቃኘው? ኮንጎ የዘመተው ጠቅል ብርጌድ? የ1970ው ካራማራ? ከእነዚህ እንጀምር። ቦታም አለ፤ ከ2016 ጀምሮ ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍቷል። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ኮምፒውተር፣ ፋይል የሚያነቡና የሚተይቡ ልጆች ይበቃሉ። ሰው የአያቱን ስም ይጽፋል፣ ያገኛል።

ፋይሎቹ ግን አይጠብቁንም። ወረቀት ይበሰብሳል፣ ይረጥባል፣ መሥሪያ ቤት ቤት ሲቀይር ይጠፋል። የሚያውቁት ሰዎችም እየሄዱ ነው። ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ ሜዳይ ካለ አውጡት፤ አያታችሁን፣ አክስታችሁን፣ ጡረታ የወጣውን የጎረቤት ጋሼ ጠይቁ፤ በስልክ ቅዱት። የማን ክፍለ ጦር፣ የት ግንባር፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ማን አብሮት ነበር።

የአራት ኪሎው ልጅ ስልክ ቁጥሬን ወስዶ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለ። የሜዳዩ ወረቀት አክስቱ ቤት ተገኝቷል። ፎቶውን ላከልኝ። የአያቱ ስም ይነበባል፣ ማኅተሙም አለ፤ ምክንያቱ የተጻፈበት መስመር ላይ ግን ውሃ ፈሶበት ቀለሙ ለቋል። «ጋሼ፣ ኮፒው መንግሥት ጋ ይኖራል አይደል? የት ሄጄ ልጠይቅ?» አለኝ።