ካልከፈላችሁ ልጃችሁ ከማታውቁት ሰው ጎን ትቀመጥ

እኔን የሚያበግነኝ የአውሮፕላን ቲኬቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። አንድ ላይ ነው የቆረጥነው፣ የልጆቹን የትውልድ ቀን ሳይቀር ሞልተናል። ታዲያ ሲስተሙ የአምስት ዓመት ሕፃን ብቻዋን እንደማትቀመጥ እንዴት ይጠፋዋል? አይጠፋውም! ለወንበር መምረጫ ተጨማሪ እንድንከፍል ነው የሚበታትነን።

ከደብረ ሲና ሌሊት ተነስተን፣ የጣርማ በርን ጉም ሰንጥቀን ቦሌ ስንደርስ እኔ ከፊት፣ ልጄ ከኋላ፣ ያውም መሃል ወንበር። ሠራተኛዋን ብጠይቃት «ሲስተሙ ነው የመደበው፣ ውስጥ ስትገቡ ተነጋገሩ» አለችኝ። በቃ፣ ልመናው ለእኔ ተተወ! ዕቃ የሚሰቅለው ሰው መተላለፊያውን ዘግቶታል፣ እኔ «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይቀይሩን?» እላለሁ፣ ልጅቷ ቀሚሴን ይዛ ታለቅሳለች። ከልጄ ጎን የተመደበው ሰውዬ ደግሞ መስኮት ዳር ለመቀመጥ ከፍሏል፤ በምን ዕዳው ይነሳ?

የእኛ አገር ሚኒባስ ረዳት እንኳ «እስቲ ጠጋ በሉ፣ እናትና ልጅ አብረው ይቀመጡ» ይላል፣ ያለ ኮምፒውተር።

አሜሪካ ውስጥ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2024፣ 13 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ያለ ክፍያ ከወላጃቸው ጎን እንዲቀመጡ የሚያስገድድ ደንብ አቅርቦ ነበር። ለነገሩ ይሄ ደንብ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው እንዴ? ዕድሜዋን ጠይቃችሁኛል፣ ጽፌላችኋለሁ። አንብቡት!