ለማይሰበረው ቬፕ የቀረበ ውዳሴ

የከባድ ሥራ ሠራተኛ ለደህንነቱ ግድ የለውም የሚሉ አሉ። ስም ማጥፋት ነው። የሚጠራጠር ካለ፣ አንዱ ለሥራ ቦታ የሚሆን ቬፕ (ኒኮቲን ያለበትን ፈሳሽ በባትሪ አሙቆ የሚያተን፣ እንደ ሲጋራ የሚሳብ እቃ) ሲመርጥ ቆሞ ይመልከት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ድልድይ ሲሠራም አይታይም።

«ቢወድቅ ይሰበራል? አቧራ ያስገባል? ዝናብ ቢመታውስ? መዶሻ ቢያርፍበትስ?» ይጠይቃል ጀግናችን። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ያነባል። ሦስት ዓይነት አስቀርቦ በእጁ ይመዝናል፤ በጣቱ ጥፍር ይቧጥጣል፤ ጆሮው አጠገብ ይነቀንቃል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ማስኩ አገጩ ላይ ነው። ሄልሜቱ ተገልብጦ የሚስማር ማስቀመጫ ሆኗል። መነጽሩ የት እንደገባ እሱም አያውቅ።

እኔ በበኩሌ ከልቤ አደንቀዋለሁ። ድሮ ከራስ በላይ ነፋስ ይባል ነበር። ዘንድሮ ከራስ በላይ ቬፕ ተገኘ።

ከአቧራው እንነሳ። ለከባድ ሥራ ተብለው የሚሸጡ ቬፖች ብዙዎቹ ሳጥናቸው ላይ «አይፒ67» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ያወጣው መለኪያ ነው። የመጀመሪያው አሃዝ የአቧራ ነው፤ ከ0 ይጀምርና 6 ላይ ያበቃል። 6 ማለት አቧራ ዝር አይልም ማለት ነው። ሁለተኛው የውሃ ነው። 7 የተሰጠው እቃ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቀመጥ የሚጎዳው ውሃ አይገባበትም። ጀግናችን ይህን እንደ ስሙ ያውቀዋል። ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

ለምን 6 እንደፈለገ ጠይቁት። «እኛ ጋ አቧራው አይጣል ነው» ይላችኋል። «አርማታ ስንቆርጥ ሰው ከሰው አይተያይም።»

እውነቱን ነው። ከአርማታና ከድንጋይ የሚነሳው አቧራ ውስጥ ሲሊካ አለ። በዓይን የማይታየው ደቃቁ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ እዚያው ይቀራል፤ ጠባሳ ይሠራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። የሚያድነው መድኃኒት የለም። ስለዚህ ጀግናችን መስጋቱ ተገቢ ነው። ከእንዲህ ያለ ክፉ አቧራ ባትሪን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሳንባ እንደሆነ መቼም ሁለት ተሰጥቶናል፤ ባትሪው አንድ ነው።

እዚህ ላይ የአምራቾቹንም ጥበብ ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። የአይፒ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ባትሪውን ለያዘው አካል ነው። ፈሳሹን የሚይዘው ታንክ የአየር ቀዳዳ አለው። ከሌለው እንዴት ይሳባል? እንግዲህ አስቡት። አቧራው ወደ ባትሪው እንዳይገባ በጎማ፣ በብሎንና በዚንክ ቅይጥ ታጥሮበታል። በአየር ቀዳዳው በኩል ወደ ባለቤቱ ለመግባት ግን ምንም ፍተሻ የለም። ዘበኛው ግቢውን ትቶ የዘበኛ ቤቱን እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ጥበቃ ግን ጥበቃ ነው፣ አይናቅም።

የውሃው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ፈተናው የሚደረገው በንጹህ፣ ጸጥ ባለ ውሃ ነው። የሲሚንቶ እጣቢ፣ የባሕር ውሃ፣ መኪና የሚያጥብ የፕሬዠር ውሃ እዚያ ውስጥ የለም። ደግሞም የቻርጀር ቀዳዳውን የምትዘጋ አንዲት ትንሽ ላስቲክ አለች። የ67ቱ ክብር በእሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ላስቲኳ ተበጥሳ ከጠፋች ቆየች። ጀግናችን ግን አሁንም ቬፑን በርሜል ውሃ ውስጥ እየነከረ ለጓደኞቹ ያሳያል። እምነት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ውድቀቱ ልምጣ፤ የምወደው ክፍል ይሄ ነው። «የወታደር ደረጃ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ልቡ ይሞላል። ነገሩ መነሻ አለው። የአሜሪካ መከላከያ «ሚል ስታንዳርድ 810» የሚባል ሰነድ አለው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከፈተናዎቹ አንዱ እቃውን 26 ጊዜ መጣል ነው፤ የሚታወቀው ከፍታ 122 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚወድቅበትም አርማታ ላይ የተነጠፈ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ ነው። 26ቱንም ውድቀት አንድ እቃ ብቻውን እንዲችል አይገደድም። እስከ አምስት ሆነው ሊካፈሉት ይፈቀዳል። አንዱ ቢደክመው ወንድሙ ይተካዋል። እንዲህ ያለ መተሳሰብ በሠራተኞች መካከል እንኳ ሁልጊዜ አይገኝም።

«የወታደር ደረጃ» ብሎ ለመጻፍ ግን አንድም ወታደር አያስፈልግም። የአሜሪካ ጦር ቁጭ ብሎ የሰው ቬፕ አይፈትንም፤ የምስክር ወረቀትም አይሰጥም። አምራቹ ራሱ ይፈትናል፣ ራሱ ያልፋል፣ ራሱ ያጨበጭባል። ጀግናችን ይህን ቢሰማም አይከፋውም። እሱም ስካፎልዲንግ (ሕንፃ ሲሠራ የሚቆመው መወጣጫ) ላይ ሥራውን የሚፈትነው በዚሁ መንገድ ነው። እስካሁን አልወደቀማ!

ስካፎልዲንግ ካነሳን አይቀር፣ ከላይ ያለውን ሰውዬ እዩት። ቬፑ በጠንካራ ገመድ ከሱሪው ቀበቶ ጋር ታስሯል። በደንብ ነው የታሰረው፣ ሁለት ቋጠሮ አለው። ሰውዬው ግን ከምንም ጋር አልታሰረም። የደህንነት ቀበቶው ታች መኪናው ውስጥ ነው፤ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ሥራ ያጓትታል። ቢወድቅ እንኳ ቬፑ አይጠፋም። አብሮት ይገኛል።

አሠሪውም ከምስጋናው ይድረሰው። ማስክ «ሲመጣ ይታደላል» ካለ ወቅት ተፈራርቋል። ሠራተኛው በዚህ መሀል ባዶ እጁን አልተቀመጠም። ለአፉ የሚሆን ነገር ራሱ ገዝቷል።

ስለ ባትሪ ትንሽ ልበል። ብዙዎቹ ጠንካራ ቬፖች የሚወስዱት 18650 የሚባለውን ነው። ቁጥሩ ልኩን ይናገራል፤ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት። ጎበዝ ሠራተኛ መለዋወጫ ይይዛል። የት? ኪሱ ውስጥ፣ ከቁልፍ፣ ከሳንቲምና ከቡሎን ጋር። ብረት የባትሪውን ሁለት ጫፍ ካገናኘ ሾርት ያደርጋል፤ ባትሪው ይግላል፤ ከዚያ የሚሆነው አይነገርም። ይነገር ከተባለ ደግሞ የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር ነግሮታል። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2016 ድረስ በዚያው አገር በመገናኛ ብዙኃን የተዘገቡ 195 የቬፕ እሳቶችና ፍንዳታዎችን ቆጥሯል። 133 ጉዳቶች ደርሰዋል። ከአደጋዎቹ 61ዱ የተከሰቱት ቬፑ ወይም መለዋወጫ ባትሪው ኪስ ውስጥ እያለ ነው። ከጉንጭ ያላነሰ የሱሪ ኪስም መስዋዕት ከፍሏል ማለት ነው።

ባትሪ መያዣ ፕላስቲክ ሳጥን አለ። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ጀግናችን ግን አይወደውም። ፕላስቲክ መሆኑ ያሳፍረዋል። የወታደር ደረጃ የለውም።

ከጓንት ጋር የሚጫን ትልቅ ቁልፍ ያለውን ነው የሚመርጠው፤ ይሄም ያስመሰግነዋል። ጓንት ሳያወልቁ መሳብ ጊዜ ይቆጥባል። ጓንቱ ቀለም ቢነካ፣ ዘይት ቢነካ፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት አሮጌ ቀለም ሲፋቅ የወጣውን ብናኝ ቢነካ፣ ያው ሁሉም በቬፑ አፍ በኩል ወደ ባለቤቱ አፍ ይደርሳል። ነዳጅና ቲነር ባለበት ቦታ መሳብንማ አላነሳም። ለዚያ የሚሆን ውዳሴ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰው ጥቁር ለብሶ የሚያዳምጠው።

አንድ ወዳጃችን ኮንክሪት መስበሪያ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ እየተንቀጠቀጠ ይውላል። ማታ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ብርድ ሲሆን ጫፋቸው ነጭ ይሆናል። ይህ በሙያው የታወቀ ችግር ነው፤ ንዝረቱ የጣትን ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል። ኒኮቲን ደግሞ ደም ሥርን ያጠባል። ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ሰው ኒኮቲን ተው የሚሉት ለዚህ ነው። ወዳጃችን ግን መፍትሔ አግኝቷል። ጣቱ ሲደነዝዝ አረፍ ይልና ሁለት ሦስት ጊዜ ይስባል። ቬፑ ንዝረት የሚቋቋም ስለሆነ ምንም አልሆነም። ቬፑ ማለቴ ነው።

ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ይህን ልናገር። እቃው ሲፈጠር ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ኸርበርት ጊልበርት የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ጭስ አልባ ሲጋራ ላይ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ገበያ ግን አላገኘም። የዛሬውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2003 ያመጣው ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ ነው። እሱ ራሱ አጫሽ ነበር። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሲጋራውን እርግፍ አድርጎ ወደ ቬፕ ቢዞር፣ ከቃጠሎው የሚመጣው ብዙ መርዝ ይቀርለታል። ይህን አልክድም። ከናካቴው አጭሶ የማያውቅ ሰው ግን የሚቀርለት ነገር የለም፤ የሚመጣበት እንጂ። ጀግናችን ከሁለቱም ወገን አይደለም። እሱ ቬፑን ለሥራ ሰዓት፣ ሲጋራውን ለእረፍት ሰዓት ነው የሚጠቀመው። ሥራና እረፍትን መለየት የባለሙያ ምልክት ነው።

ደግሞ ሲጋራ ያልቃል። አምስት ደቂቃ ቢበዛ ነው፤ ከዚያ ሰው ቀና ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይሄኛው አያልቅም። ባትሪው ትልቅ፣ ታንኩ ሰፊ። መሰላል ሲወጣ ይስባል፣ ሲወርድ ይስባል። ልቡ ቀድሞውንም በሥራው ምክንያት በፍጥነት ትመታለች፤ ኒኮቲኑ ደግሞ ያግዛታል። በጋራ መሥራት ይሏል ይሄ ነው።

የሚወጣው ነገር የውሃ ትነት ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ውስጡ ያለው ግን ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን የሚባሉ ፈሳሾች፣ ማጣፈጫና ኒኮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ፈሳሹ ኮይሉ (የሚያሞቀው የብረት ሽቦ) ጋ ደርሶ ሲወጣ ክሮሚየም፣ ኒኬልና እርሳስ እንደሚገኙበት አሳይቷል። ለብረታ ብረት ሠራተኛ ግን ይሄ ምኑ አዲስ ነው? ቀኑን ከብየዳ ጭስ የጎደለውን ማሟያ ነው።

አሁን ደግሞ ከልብ የማደንቀው አንድ ሌላ ወገን አለ። እሱ ሠራተኛ አይደለም። ቢሮ ነው የሚውለው። ከባድ የሚባል ነገር አንስቶ ከሆነ ላፕቶፕ ነው። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ቬፕ አቧራ የማያስገባ፣ መዶሻ የማይሰብረው፣ ጥጋጥጉ በጎማ የታጠረ ጡብ የሚያክል ነገር ነው። በስብሰባ መሀል ያነሳዋል፤ ድም አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጠረጴዛው ይሰነጠቃል፣ ቬፑ አይሰነጠቅም። አንድ ቀን ጦርነት ቢነሳ፣ ወይም ወንበሩ ላይ ቡና ቢፈስ፣ ዝግጁ ነው። የሱሪው ኪስ ተለጥጦ ወደ አንድ ጎን ስላጋደለ ሲራመድ ትንሽ ያነክሳል። ይህም ቢሆን የሥራ ላይ ጉዳት ይመስላል፤ ግርማ ሞገስ ይጨምራል።

ዋስትናውን ደግሞ አንብቡት። ኮይልና ባትሪ አላቂ እቃ ተብለው ብዙውን ጊዜ አይካተቱም። አላቂ እቃ ዝርዝር ውስጥ ተጠቃሚው አልተጻፈም፤ ምናልባት ግልጽ ስለሆነ ይሆናል።

የቀረው ቀለም መምረጥ ነው። ጥቁሩ ያምራል፤ ቆሻሻ አያሳይም። ጀግናችን ግን ብዙ አሰበና ብርቱካናማውን ወሰደ። «ደማቅ ነው» አለ። «ክሬኑ ሥር ቢወድቅብኝ እንኳ ኦፕሬተሩ ከሩቅ ያየዋል፣ አይረግጠውም።» አንጸባራቂ ሰደርያውን ግን አልፈለገውም። እሱን ቬፑ እንዳይቧጠጥ ጠቅልሎበታል።