ጫካውን እንደ ጎብኚ አትጻፉት

ዕድሜ ልካቸውን ውጭ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ጡረታ ሲወጡ ግጥም ይጀምራሉ። ሁሉም አይደሉም እርግጥ፤ ግን ከምትገምቱት በላይ ናቸው። ደን ጠባቂ፣ ቀያሽ፣ ዓሣ አስጋሪ፣ መንገድ ሠሪ። እኔም አንዱ ነኝ። ሥራዬ የደን ቆጠራ ነበር፤ ባጭሩ ዛፍ መለካት። አሁን ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፣ የጓደኞቼንም አነባለሁ። እና አንድ ነገር ያበሳጨኛል፤ ብዕር ስንይዝ ሁላችንም ጎብኚ እንሆናለን።

የራሴን የመጀመሪያ ግጥም ልጥቀስና ልዋረድ፦

አረንጓዴው ጫካ ልብን ደስ ያሰኛል፣
የወፎቹ ዜማ መንፈስን ያድሳል።

ቤት ይመታል። ስድስት ስድስት ቀለሙም ሞልቷል። ግን ይሄን ለመጻፍ ጫካ መግባት አያስፈልግም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ይበቃል። ጥፋቱ በከፊል የቋንቋችንም ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ስለሚያልቅ ቤት መምታት ርካሽ ነው፦ ያሰኛል፣ ያድሳል፣ ይዘምራል፣ ያበራል፣ እስኪመሽ መቀጠል ይቻላል። ግሱ ይጎትትሃል። የምታውቀውን ትተህ ቤቱ የሚፈልገውን ትጽፋለህ።

ደግሞ ወፎቹ! ሰው ጫካ ሲገባ መጀመሪያ የሚሆነው ዝምታ ነው። አንዷ ትጮሃለች፣ ሌሎቹ ጸጥ ይላሉ ወይ ይርቃሉ። ዜማቸውን የሚሰማው ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ገጀራና ሜትር ይዘን እየተንኳኳን የምንገባ ሰዎች ነበርን።

ታዲያ የሠራበት ሰው ምን ያውቃል? ዝናብ ጫካ ውስጥ ዘግይቶ ጀምሮ ዘግይቶ እንደሚያባራ ያውቃል፤ መጀመሪያ ቅጠሉ ይይዘዋል፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ያንጠባጥበዋል፣ ስለዚህ ውጭ ፀሐይ ወጥቶ አንተ ገና ትበሰብሳለህ። ውርጭ ከኮረብታው ይልቅ ረባዳውን እንደሚመታ ያውቃል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ሌሊት እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና እዚያ ይተኛል። ጠዋት ስትደርስ የላይኞቹ ችግኞች ደህና ናቸው፣ የታችኞቹ ጠቁረዋል። የመስክ ደብተር ላይ በእርሳስ እንጂ በእስክሪብቶ እንደማይጻፍም ያውቃል፤ ዝናብ ቀለሙን ያጥበዋል። (እስካሁን ግጥም የምጽፈው በእርሳስ ነው። ፍልስፍና የለውም፣ ልማድ ነው።)

በሙያችን የዛፍ ውፍረት የሚለካው «በደረት ቁመት» ነው፤ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ። ዳገት ከሆነ ከላይኛው በኩል ቆመህ ትለካለህ። ሜትሩን ግንዱ ላይ ትጠመጥማለህ፣ ዙሪያውን ለ3.14 ታካፍላለህ፣ ትጽፋለህ፣ ወደሚቀጥለው። ይሄ ቀኑን ሙሉ ነው። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ታቅፋለህ ማለት ነው፤ ጉንጭህ ቅርፊቱን ይነካል፣ ጉንዳን በእጅጌህ ይገባል፣ ሙጫው ሸሚዝህ ላይ ይቀራል። ለዛፍ ከዚህ በላይ የቀረበ ሰው ከየት ይመጣል? በግጥማችን ውስጥ ግን ዛፉ ሁልጊዜ ሩቅ ነው፣ አድማስ ላይ ቆሞ ይወዛወዛል። እናፍራለን መሰለኝ። የሥራ ቃል ለግጥም አይሆንም ብሎ ማን እንደነገረን እንጃ።

ጆን ክሌር የሚባል እንግሊዛዊ ገጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1793 የተወለደ የእርሻ ሠራተኛ ነው፤ የመጀመሪያ መድበሉ በ1820 ታተመ። ጡረታ እስኪወጣ አልጠበቀም፣ እየሠራ ነው የጻፈው። የአካባቢውን ቃላት እንደወረዱ ይጠቀማል፣ ሥርዓተ ነጥብም ብዙ አይገደውም። አሳታሚዎቹ አጻጻፉን አረሙ፣ ነጥብ ጨመሩ፣ ቃልም ቀየሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሌሎች አርታኢዎች ወደ እጅ ጽሑፉ ተመልሰው እንዳለ አተሙት። እሱን እንኳ ያረመው ሌላ ሰው ነው። እኛ ግን ራሳችንን እናርማለን፣ ያውም ሳንጽፍ።

የሥራ ቃል ሲበዛ ግጥሙ ሪፖርት ይሆናል የሚል ካለ፣ ልክ ነው። እንደዛ ዓይነትም ጽፌያለሁ፣ አላሳያችሁም።

እኔን የሚከብደኝ ሌላው ነው። ሥራችን መለካት ብቻ አልነበረም፤ የሚቆረጡትንም ምልክት እናደርግባቸው ነበር። ቀይ ቀለም፣ በደረት ቁመት አንድ፣ ከታች ጉቶ ሆኖ የሚቀረው ላይ አንድ። የታችኛው ምልክት ቆራጮቹ ያልተፈቀደ ዛፍ እንዳይጥሉ ማረጋገጫ ነው። አብዛኛው ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ ዛሬም እከራከራለሁ፤ የተጨናነቀ ደን ካልሳሳ ሁሉም ቀጫጫ ሆኖ ይቀራል። ግን እጄ ያንን ቀለም ይዞ ኖሮ፣ ግጥሜ ላይ ስደርስ ጠብታው የለም። የጓደኞቼም እንደዚያው ነው። ዓሣ አስጋሪው ስለ ባሕር ሲጽፍ መረብ የለም፣ መንገድ ሠሪው ስለ ተራራ ሲጽፍ ድማሚት የለም። ሁላችንም ዕድሜያችንን ተፈጥሮን ቆመን ስናደንቅ የኖርን አስመስለን እንጽፋለን። ደመወዝ የተከፈለን ለዚያ ነበር እንዴ?

ባለፈው ሳምንት እንደገና ሞከርኩ፦

ሜትር ከሠላሳ፣ በደረት ትይዩ፣
ቀይ ቀለም ቀባሁት፣ ወፎቹ እያዩ።

እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። የመጀመሪያው ስንኝ ይቆይ። ሁለተኛው ግን መጨረሻው ላይ ዋሸ። ወፎቹ አያዩም ነበር፤ ስንገባ ገና ሄደዋል። ያስገባኋቸው ለ«ትይዩ» ቤት ስለመቱልኝ ብቻ ነው። በእርሳስ ስለሆነ መሰረዙ ቀላል ነው፤ ምትኩን ግን እስካሁን አላገኘሁትም።